ሀዋሳ ላይ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈሩን እንዴት ትገምታላችሁ?

ደላላ ሚያሳያችሁ ሴራሚኩንና ጂፕሰሙን ነው፣ እሱ ደሞ በብር ይስተካከላል። ዋጋውን ሚወስነው ባብዛኛው ከአጥሩ ውጪ ያለው ስለሆነ መጀመሪያ ሰፈሩን እዩ።

1. ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ፣ ክረምት ከሆነ በጣም ጥሩ። የሀዋሳ ሀይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ሚወጣበት የለውም፣ ስለዚህ ዝናቡ ሲበዛ ውሃው መሄጃ ስለሌለው ከፍ ይላል፣ ሀይቅ ዳር ያለ ሰፈር ላይ ደሞ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ውሃ ቶሎ ነው ምታገኙት። የግድግዳውን ግርጌ በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉ፣ ቀለሙ አብጦ ነጭ ዱቄት ነገር ካራገፈ እርጥበት እየሳበ ነው፣ ከታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደሞ ጠርጥሩ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በዓመት ስንቴ እንደሚመጠጥ ተከራዩን ጠይቁ፣ ባለቤቱን አይደለም :)

2. ዙሪያውን እየተሠራ ያለውን እዩ። አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ዛሬ ንፋስ ነው፣ ነገ ጂ+4 ሊሆን ይችላል። ሆቴል ከመጣ መንገዱ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ይችላል፣ ሱቁም ካፌውም ይከተላል፣ የመሬቱ ዋጋ ይነሳል፣ ግን ግቢያችሁ ከላይ ይታያል፣ ፀሐይ ይከለላል፣ ሙዚቃው ሌሊቱን አያስተኛም። መልሶ ለሚሸጥ ጥሩ ነው፣ ልጅ ለሚያሳድግ ግን እኔ አልመክርም።

ኪራይን አስባችሁ ምትገዙ ከሆነ የሀዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስታውሱ፣ ፋብሪካዎቹ ያሉበትን። ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡት ልጆች አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው መከራየት ጀመሩ፣ ኪራይ ወጣ፣ ያየ ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ደረደረ። 2014 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ስታስወጣ ደሞ ፓርኩን የለቀቁ ድርጅቶች ነበሩ፣ ሠራተኛ ሲቀንስ ክፍል ፈላጊም ይቀንሳል፣ የተሠራው ሰርቪስ ግን እዛው ነው። ስለዚህ ተከራዩ በሙሉ ከአንድ ቦታ ደሞዝ ሚበላ ከሆነ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት።

3. የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ግቡ። መንገድ ይነካዋል ወይ፣ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያ ስንት ነው። ሻጩ "ችግር የለውም" ስላለ አትለፉት።

4. አሁን ወደ ብሩ። የተጠራውን ዋጋ ተዉትና በቅርብ የተሸጠው በስንት እንደተሸጠ ጎረቤት ጠይቁ፣ ሱቅ ያለው ሰውዬ ብዙ ጊዜ ያውቃል። ከዛ ኪራዩን አስሉ፣ እንበል 8 ሚሊዮን የተባለ ቤት በወር 20 ሺ ቢከራይ በዓመት 240 ሺ ነው፣ ብሩን ለመመለስ 33 ዓመት ማለት ነው፣ እድሳቱን ሳትቆጥሩ። ድርድሩን በዚህ ቁጥር ጀምሩ፣ የደላላውን ኮሚሽንም ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ፊርማ ላይ ስትደርሱ አንዱ ደላላ ሦስት ሆኖ ነው ሚመጣው።