ክረምት ላይ ፊልድ ለምትወጡ የጂኦሎጂ ተማሪዎች፦ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የክረምት ኮርስ ጊዜው አጭር ነው። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በጥቂት ሳምንታት ይጨመቃል። ስለዚህ በፊልድ ኮርስ ላይ ሌላ ከባድ ኮርስ አትደርቡ። ዝናብ አንድ ቀን ከበላባችሁ የምታካክሱበት ቀን የለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። ተንከባሎ የመጣ ድንጋይን እንደ አውትክሮፕ (ከቦታው ሳይነቃነቅ ከመሬት ብቅ ብሎ እንደሚታይ አለት) መመዝገብ!

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አናቱ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) አለ። ዝቅ ስትሉ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ባዛልቱ ግን እየተፈነቀለ ይወርዳል። ቤት የሚያክል ቋጥኝ ኖራ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ታያላችሁ። ተማሪው በመዶሻ ይመታዋል፣ "ባዛልት" ይልና ካርታው ላይ ይቀባል። አንድ ቡድን ሦስት እንዲህ ያሉ ቋጥኞችን በመስመር አገናኝቶ "ኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ የወጣ ዳይክ" (ቀልጦ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጠነከረ አለት) ብሎ አመጣልኝ። ሁለት ቀን የለፉበት ካርታ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው ገደሉን አላዩም። ዳይክ ቢሆን እኮ ግራና ቀኙ ያለው ኖራ ድንጋይ በሙቀት ተለውጦ ያገኙት ነበር።

ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። ያ ቁልቁለት በመሬት መንሸራተት የታወቀ ነው። ውኃ ሲጠጣ ድንጋዩ ከነንብርብሩ ቦታውን ይለቃል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከእንዲህ ዓይነቱ ላይ ዲፕ (የንብርብሩን ዝንባሌ) ለክቼ ክሮስ ሴክሽኔን (መሬቱ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል) በሙሉ አበላሽቻለሁ። ሥሩን ጫር ጫር አድርጉ። አጠገቡ ያለው ንብርብርም ወደዚያው አቅጣጫ ማዘንበሉን እዩ። ከተጠራጠራችሁ "ከላይ የወረደ ሊሆን ይችላል" ብላችሁ ጻፉ። እኔ በዚህ ነጥብ ቀንሼ አላውቅም።

ኮምፓስ ስታነቡ መዶሻውን አርቁ። እርሳስ ያዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ያጥበዋል። አሲድ ጠብ አድርጋችሁ ካልፈላ ድንጋዩን ፈቅፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ሞክሩ፤ ዶሎማይት (እንደ ኖራ ድንጋይ በአሲድ ቶሎ የማይፈላ ድንጋይ) ሊሆን ይችላል። የሳምፕሉን ቁጥር እዚያው ቆማችሁ ጻፉ።

የወንዝ ውስጥ አውትክሮፕ ታጥቦ ንጹህ ስለሚሆን ያጓጓል። ወደ ላይ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ግን ቶሎ ውጡ። እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ደራሽ ውኃ ይመጣል። አንድ ከሰዓት ቦርሳችንን ጥለን ሮጠናል። የሁለት ቀን ሳምፕል በጎርፍ ተወሰደ። ልጆቹ ግን ሁሉም ወጡ።