ፊልም ይዞ ለሚበር ሰው፦ ከፍተሻ ማሽኑ እንዴት ይተርፋል?

ሌላውን ባታነቡ እንኳ ይህቺን ብቻ ያዙልኝ፦ ያልታጠበ የፎቶ ፊልም ለአየር መንገዱ በምትሰጡት ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በፍጹም። አንዲት ጥቅል ብትሆንም፣ ካልሲ ውስጥ ብትወሸቅም፣ «እዚህ ጥግ ላይ ማን ያያታል» ብትሉም አይገባም። ማሽኑ ያያታል። ፊልም ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው። ከዚያ ደግሞ የእጅ ሻንጣው ፍተሻ ላይ ሁለተኛው ጣጣ ይጀምራል፤ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ስለዚያ ነው።

ፊልም ላይ የተቀባው ነገር ጄላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ውህድ ነው። ብርሃን ሲነካው ይለወጥና ሲታጠብ ምስል ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ውህድ ኤክስሬይም ያው ብርሃን ነው፤ ልዩነቱ ክዳንም፣ የፊልሙ ቆርቆሮም፣ የካሜራ ጀርባም የማይመልሰው ብርሃን መሆኑ ነው። እንዲያውም ሁለቱ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ኤክስሬይን ሲያገኝ የሚስቱን እጅ አጥንት ያነሳው በፎቶ ሳህን ላይ ነበር። ሆስፒታሎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት አጥንታችንን ያዩት በፊልም ነው። ስለዚህ ፊልም ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ተበላሸ ማለት ይከብዳል፤ ሥራውን ነው የሠራው። እኛ ያላዘዝነውን ፎቶ አነሳ እንጂ።

ጉዳቱ ደግሞ ይደመራል። ዛሬ አንድ ፍተሻ፣ ትራንዚት ላይ ሌላ፣ ስትመለሱ ሁለት። እያንዳንዱ ለብቻው ላይታወቅ ይችላል፣ ፊልሙ ግን ሁሉንም ቆጥሮ ይይዛል። ስለዚህ «ባለፈው አሳልፌው ምንም አልሆነም» የሚባለው ወሬ አያስኬድም፤ ያ ሌላ ጥቅል ነው፣ ማሽኑም ሌላ ሊሆን ይችላል። ፈጣን ፊልም፣ ማለትም ትንሽ ብርሃን የሚበቃው፣ ደግሞ ከዘገምተኛው ቶሎ ይጎዳል። ፍጥነቱን የሚነግራችሁ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የአይኤስኦ ቁጥር ነው፦ 100 ብዙ ይችላል፣ 400 መካከለኛ ነው፣ 3200 ግን ምንም አይችልም። 400ን ፑሽ አድርጋችሁ፣ ማለትም እጥበቱን አርዝማችሁ፣ እንደ 1600 ልታሳጥቡት ካሰባችሁም እንደ 1600 ተጠንቀቁለት፤ እጥበቱ ምስሉን ሲያጎላ ጉዳቱንም አብሮ ያጎላዋል።

አሁን ማሽኖቹን እንለይ። ለትልቁ ሻንጣ ያለው ኃይለኛው ነው። ሻንጣው ተመዝኖ ቀበቶው ላይ ከሄደ በኋላ እናንተ በማታዩት ቦታ ነው የሚፈተሸው፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲያገኝ ጨረሩን እዚያችው ቦታ ላይ የሚያተኩር ማሽንም አለ። በዚህ የተመታ ፊልም አንዳንዴ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጭጋጋማ መስመር ያወጣል። ፊልሙ ሲመታ ተጠቅልሎ ስለነበር ሲዘረጋ መስመሩ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል። አንዴ ያየው ሰው ሁለተኛ አይስተውም።

ሁለተኛው የድሮው የእጅ ሻንጣ ኤክስሬይ ነው። ዝቅ ያለ ሳጥን፣ በሁለት ጫፉ የጎማ መጋረጃ ያለው፣ ላፕቶፕና ፈሳሽ አውጡ የሚባልበት። ይሄ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ከአይኤስኦ 800 በታች የሆነ ፊልም ከአምስት ጊዜ ባልበለጠ ቢያልፍበት ለውጡን በዓይን መለየት ይከብዳል። «እስከ 800 ፊልም አይጎዳም» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው ለዚህ ማሽን ነው። ለዚህ ብቻ።

ራስ ምታቱ ሦስተኛው ነው፦ ሲቲ። ሆስፒታል እንዳለው ሲቲ ስካን ጨረሩ በሻንጣው ዙሪያ እየተሽከረከረ ከየአቅጣጫው ያነሳዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንን ሁሉ ገጣጥሞ ሻንጣውን ማያው ላይ እንደ ዕቃ እያዟዟሩ የሚያዩት ምስል ያደርገዋል። ለፈታሹ ግሩም ነው። ለፊልም ግን በአንድ ማለፍ ብቻ ብዙ ጨረር ማለት ነው። ፊልም አምራቾቹ ኮዳክም ኢልፎርድም ያልታጠበ ፊልም በዚህ አታሳልፉ ነው የሚሉት።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ሲቲው ወፈር ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ክብ፣ ሆዱ የተነፋ። ትሪዎቹ ትልልቅ ናቸው። ዋናው ምልክት ግን ፈታሾቹ የሚሉት ነው፦ «ላፕቶፕ ማውጣት አያስፈልግም፣ ሁሉንም እንዳለ አስገቡት።» ለሌላው ተጓዥ የምሥራች ነው፤ እናንተ ግን ይህን ስትሰሙ ፊልማችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

እኔ ይህን የተማርኩት በስድስት ጥቅል ነው። ትራንዚት ላይ ነበርኩ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሰልፉ አያልቅም፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በረራው ሊያመልጠው ስለሆነ ማጅራቴ ላይ ይተነፍሳል። ፊልሞቹን በእጅ እንዲያዩልኝ ጠየቅኩ። ፈታሹ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ በጣቱ አሳየኝ፦ እስከ 800 ችግር የለም። የማስታወቂያው ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ማሽኑ ግን አዲስ ነው፣ አንድ ጎኑ ላይ የመጣበት ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። አየሁት፣ ገባኝም፣ ግን ደግሞ መናገሩ ደከመኝና አስገባሁት። ከሳምንት በኋላ ነጋቲቩን አንስቼ በመስኮት ብርሃን ሳየው፣ በፎቶና በፎቶ መሃል ያለችው ባዶ ቦታ፣ ጥርት ማለት የነበረባት፣ ጢስ የጠጣ መስታወት መስላለች። እናቴን ጥቁር ሹራብ ለብሳ ነበር ያነሳኋት። ሲታተም ሹራቡ አመድ ሆኖ ወጣ። 400 ፊልም ነበር፣ አንዴ ብቻ ነው ያለፈው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱ አንድ ነው፦ በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ። ብልሃቱ ግን ጥያቄው ላይ ሳይሆን ዝግጅቱ ላይ ነው ያለው። ፈታሹ እሺ ለማለት እንዲቀለው አድርጋችሁ ነው መቅረብ ያለባችሁ።

ከቤት ሳትወጡ ፊልሞቹን ከካርቶናቸው አውጡ። ውስጡ በማይታይ የፕላስቲክ ዕቃ ያሉትንም አውጥታችሁ ቆርቆሮዎቹን ብቻ ውስጡን በሚያሳይ ባለዚፕ ከረጢት ክተቱ። አይኤስኦው የተጻፈበት ጎን ወደ ውጭ ይሁን። 120 ፊልም (ቆርቆሮ የሌለው፣ ከወረቀት ጋር የሚጠቀለለው ሰፊው) ከሆነ ያልተነሳው በፎይሉ እንዳለ ይቆይ፤ የተነሳው ጠበቅ ተደርጎ መጠቅለሉንና ማሸጊያ ወረቀቱ በደንብ መጣበቁን እዩ፣ ላላ ካለ በጎን ብርሃን ይገባበታል። ሉህ ፊልም (በጥቅል ሳይሆን በነጠላ ቅጠል በሳጥን የሚመጣው) ያለው ሰው ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ብርሃን ካየ ይቃጠላል፣ አይከፈት» ብሎ ይጻፍ፣ በአፉም ያስረዳ፤ ፈታሽ ያልተከፈተ ሳጥን አይወድም። ከረጢቱን ሻንጣው ሥር ሳይሆን በአንድ እጅ ተስቦ በሚወጣ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የቸኮለ ሰው እምቢ ሲባል መሟገቻ ጊዜ የለውም። እኔ እማኝ ነኝ።

ካሜራው ውስጥ ያለውን ጥቅል ከጉዞው በፊት ጨርሱት። ፊልም ያለበት ካሜራ በእጅ ይፈተሽልኝ ስትሉ ፈታሹ ውስጡን ማየት ሊፈልግ ይችላል። አንዴ አንዷ ፈታሽ ጣቷን ወደ ካሜራዬ ጀርባ መክፈቻ ስትሰድ አይቼ የጮህኩት ጩኸት፣ ኤርፖርት ውስጥ የሚመከር ዓይነት አልነበረም። 35 ሚሊሜትር (በቆርቆሮ የሚመጣው የተለመደው) ከሆነና ገና መሃሉ ላይ ከሆናችሁ የደረሳችሁበትን የፎቶ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ጻፉና፣ የፊልሙ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ውጭ እንድትቀር አድርጋችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉት። ስትደርሱ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ፤ የሌንሱን ክዳን እንደገጠማችሁ፣ በፈጣኑ ሹተርና በጠባቡ አፐርቸር፣ ከጻፋችሁት ቁጥር አንድ ሁለት አልፋችሁ እስክትሄዱ ድረስ ባዶ ታነሳላችሁ። አንድ ሁለት ፎቶ ይባክናል፣ ሠላሳው ይተርፋል። ባዶው ካሜራ በማሽኑ ቢያልፍ ምንም አይሆንም።

ወደ ፍተሻው ስትደርሱ ከረጢቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ዕቃ ወደ ቀበቶው ከመግባቱ በፊት ለቆመው የመጀመሪያው ሰው ነው የምትናገሩት። ማያው ፊት የተቀመጠው ዓይኑ ሥራ ላይ ነው፣ አትጥሩት። አጭር አድርጉት፦ «ይቅርታ፣ ያልታጠበ የፎቶ ፊልም ይዣለሁ፣ ይሄ ማሽን ያበላሽብኛል። በእጅ ሊያዩልኝ ይችላሉ?» ይህንኑ በምትሄዱበት አገር ቋንቋ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ፊልም ሲባል ቪዲዮ የሚመስላቸው ወጣት ፈታሾች አሉ፣ አይፈረድባቸውም፣ ቆርቆሮውን ስታሳዩአቸው ይገባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ቆርቆሮዎቹን በትንሽ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ጨርቁን የፈንጂ ቅሪት የሚለይ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት ነው። ያ ፊልሙን አይነካውም። እናንተ እስኪያልቅ ፈንጠር ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን አትስደዱ።

እምቢ ቢሉስ? አሜሪካ ውስጥ ተሳፋሪ ፊልሙ በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ እንደሚችል ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ እዚያ በትህትና ገፋ ማድረግ ያዋጣል። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን ነገሩ በፈታሹ እጅ ነው። አንዴ አለቃ ካለ እንዲጠራላችሁ ጠይቁ። አንዴ ደግሞ አጠገቡ የድሮው ዓይነት ማሽን ያለበት መስመር ካለ በዚያ ላሳልፍ በሉ፤ 100 እና 200 ፊልም ከሆነ ይህ ጥሩ ስምምነት ነው። ከዚያ በላይ አትሂዱ። ከፈታሽ ጋር ተጨቃጭቆ ያሸነፈ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ በረራ ያመለጠው ግን አይቻለሁ።

ከረጢቱ ውስጥ አንድ እውነተኛ 3200 ጥቅል ጣል የሚያደርጉ አሉ። ፈታሹ ማስታወቂያውን ሲያሳያችሁ ጥቅሏን ታሳዩታላችሁ፣ ክርክሩ ያልቃል። እኔም አደርገዋለሁ። 200 ፊልም ላይ የ3200 ወረቀት መለጠፍ ግን አይመቸኝም፤ ውሸት ነው፣ ደግሞ ቤት ስትገቡ ራሳችሁንም ታሳስቱና ላብራቶሪው ፊልሙን አለአግባብ ያጥበዋል።

ስለ እርሳስ ከረጢት ብዙ ሰው ይጠይቃል። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን ሳይሆን ብረቱን ነው። በድሮው ማሽን ጨረሩን ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ፈታሹ ማያ ላይ የሚታየው ጥቁር ድፍን ነገር ነው፣ ጥቁር ድፍን ነገር አይቶ ዝም የሚል ፈታሽ የለም። ወይ ያስከፍታችኋል፣ ወይ ደግሞ መልሶ ያሳልፈዋል። ለሲቲ መፍትሔ ብላችሁ አትመኑበት፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁማ ጨርሶ አትሞክሩት። ክብደቱም ቀላል አይደለም። ገንዘቡን ፊልም ግዙበት።

ቅጽበታዊ ፊልም (ካሜራው ወዲያው ፎቶ አድርጎ የሚያወጣው) ያላችሁ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ተጠንቀቁ። ኢንስታክስ አይኤስኦው 800 ነው። የፖላሮይድ ካርትሪጅ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፣ ከፍቶ ላሳይ ማለት አይቻልም፣ እንደታሸገ ነው ማስረዳት ያለባችሁ። ወጥቶ ያለቀው ፎቶ ግን ነፃ ነው። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ካሜራዎች ውስጥ ያለውም ብዙ ጊዜ 400 ወይም 800 ስለሆነ ከፊልሞቹ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ይግቡ።

ሌላው መንገድ ፊልሙን ይዞ አለመብረር ነው። የምትሄዱበት ቦታ ፊልም የሚሸጥና የሚያጥብ ካለ እዚያው ገዝታችሁ፣ እዚያው አሳጥባችሁ ተመለሱ፤ የታጠበ ነጋቲቭን ኤክስሬይ ምንም አያደርገውም። በፖስታ መላክ ግን እንደሚወራው አስተማማኝ አይደለም። ፖስታውም በአውሮፕላን ነው የሚሄደው፣ እሱም ይፈተሻል፣ ያውም እናንተ በሌላችሁበት።

የማያሳስበውንም ልጨምር፦ ሰው የሚያልፍበት የብረት መፈተሻ በር ፊልም አይጎዳም። እጅ ወደ ላይ ተደርጎ የሚቆምበት የሰውነት መፈተሻም በኤክስሬይ ሳይሆን ሚሊሜትር ሞገድ በሚባለው የሚሠራ ከሆነ አይጎዳም። ይህን ሰምታችሁ ፊልሙን ኪሳችሁ ውስጥ ደብቃችሁ ልታልፉ እንዳታስቡ፤ ቆርቆሮው ይጮሃል። ዲጂታል ካሜራና ሚሞሪ ካርድ በሁሉም ማሽን ቢያልፉ ችግር የለም።

አልሆነ ብሎ ሲቲ ውስጥ ካለፈባችሁስ? ወዲያው ቆርቆሮው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀል። ገና ያልተነሳ ከሆነ አትጣሉት፤ ጭጋጉ የሚበላው ጨለማውን ክፍል ስለሆነ ለነጋቲቭ ፊልም ከወትሮው አንድ ስቶፕ ብርሃን ጨምሩለት (እጥፍ ማለት ነው)፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተጠቀሙበት፣ ማታ ማታ ሌላ ጥቅል ይዛችሁ ውጡ። ተነስቶ ያለቀ ከሆነ ፑሽ አይደረግ፣ በተለመደው መንገድ ይታጠብ። ስካን ስታደርጉ ጥቁሩን ዝቅ አድርጉት፤ ብዙው ይስተካከላል። የእናቴን ሹራብ እንደዚያ አድርጌ ነው ግማሽ መንገድ ወደ ጥቁር የመለስኩት።