ወደ ቀኝ እየጠመመ የሚቆርጠውን የሞተር መጋዜን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ርካሹን መጋዝ ስመርጥ ጓደኞቼ «በጥርስህ ብትቆርጠው ይፈጥናል» እያሉ ቀለዱብኝ። ሁለት ወር ሳይሞላው ወደ ቀኝ መጥመም ጀመረ፤ የሚተፋውም ፍቅፋቂ ሳይሆን የላመ ብናኝ ሆነ።

ጥፋቱ ግን የዋጋው አልነበረም። ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ነቅዬ፣ ጓንት አጥልቄ የሰንሰለቱን ጥርሶች ስለካ የግራዎቹ ከቀኞቹ አጥረዋል። ስሞርድ አንዱን ጎን አብዝቼ እጫን ነበር፤ መጋዝ ደግሞ ረጃጅም ጥርስ ወዳለበት ያጋድላል።

በጣም አጭሩን ጥርስ ፈልጌ ሌሎቹን በእሱ ልክ አወረድኳቸው። ለእኔ ሰንሰለት የሚሆነው 4 ሚሊሜትር ክብ ሞረድ ነው፤ በ30 ዲግሪ ይዤ ወደ ፊት ብቻ ገፋሁ፣ ስመልሰው አነሳሁት። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለውን ጉብታ በጠፍጣፋ ሞረድ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊሜትር ዝቅ አደረግኩት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ጉብታው ካልወረደ ግን የተሳለ ጥርስም እንጨት አይነክስም። ከልክ በላይ ከወረደ ደግሞ መጋዙ ወደ ሰው ይመለሳልና በመለኪያ አድርጉት።

ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት (ባር) ቦይና የዘይቱን ቀዳዳም ጠረግኩ። አሁን ቀጥ ብሎ ይቆርጣል። ከቀላጆቹ አንዱ ትናንት ተውሶት ሄደ።