ንጉሡ በአፉ ያለውና በልቡ ያሰበው፦ 1ኛ ሳሙኤል 18ን በቡድን እንዴት እናጥና

ስለ ሳኦልና ስለ ዳዊት የሚያስተምሩ ብዙዎች ከጎልያድ መውደቅ በቀጥታ ወደ ተወረወረው ጦር፣ ከጦሩም ወደ ዋሻው ያልፋሉ። ሳኦል በገዛ እጁ ደም ሳያፈስ ዳዊትን በሰው እጅ ለማስገደል ያደረገው ዝግጅት ግን በምዕራፍ 18 ውስጥ ተጽፎ ሳለ እምብዛም አይነካም። ይህ መመሪያ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በቤት ውስጥ ጥቂት አዋቂዎችን ሰብስበው ለሚያጠኑ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ መገናኘት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል። በግእዝ የሚከታተል ሰው ካለ መጽሐፉን ቀዳማዊ ነገሥት በሚለው ስም እንደሚያገኘው አስቀድመው ይንገሩት።

በመጀመሪያው ቀን ከቁጥር 6 እስከ 30 ያለውን አንድ ሰው ሳያቋርጥ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርጉ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዘፈን ይመለሱና፣ ሳኦል ሺህ ዳዊትም እልፍ መግደላቸውን የሚናገረው ግጥም በእርግጥ ንጉሡን ለማዋረድ የተዘፈነ ነውን ብለው ይጠይቁ። በዕብራይስጥ ቅኔ ሺህና እልፍ ተጣምረው የሚሄዱ ቃላት ናቸው። በመዝሙር 91፣ በግእዙ ዳዊት 90ኛው ላይ፣ በአጠገብ ሺህ በቀኝም እልፍ እንደሚወድቁ ስናነብ ቀኝና ግራን ለማበላለጥ የተነገረ ነው የሚል ማንም የለም። ሴቶቹ ሁለቱን በስም ለይተው ስለ ጠሩ ነገሩ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ሆኖም እኔ ዘፈኑ ለሁለቱም ክብር የተዘፈነ እንደ ነበረ፣ ቈጠራውንም የጀመረው ሳኦል ራሱ እንደ ሆነ ወደማመን አዘነብላለሁ። በቁጥር 9 ላይ ሳኦል ዳዊትን እንዴት እንደ ተመለከተው የሚናገረው የዕብራይስጡ ግስ «ዓይን» ከሚለው ቃል የወጣ ነውና፣ ቅናቱ ከማየት እንደ ጀመረ ማስተዋሉ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ተሳታፊ በሳኦል ላይ ስለ መጣው ክፉ መንፈስ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ከባድ ነው፤ 16፥14ንም አብረው ያንብቡ። ነገር ግን የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ያሳዩ፦ ቍጣውና ክፉው ዓይን በቁጥር 8 እና 9 ላይ ናቸው፤ መንፈሱ የመጣው በማግሥቱ፣ በቁጥር 10 ላይ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ሰው በደብተሩ ገጽ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ያስምር። በቀኝ በኩል «በአፉ ያለው»፣ በግራ በኩል «በልቡ ያሰበው» ብሎ ይጻፍ። ለቅኔ እንግዳ ያልሆነ አንባቢ ይህን ሰምና ወርቅ ብሎ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ግን ተራኪው ወርቁን ለእኛ ሲገልጥልን፣ ዳዊት የሚሰማው ሰሙን ብቻ መሆኑ ነው። ተራኪው የሳኦልን ስውር ሐሳብ በግልጽ የሚያወጣው ሦስት ጊዜ ነው፤ በቁጥር 17፣ 21 እና 25። ተሳታፊዎቹ ሦስቱን ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙ ጊዜ ይስጧቸው። የዳዊትን ልብ ግን ተራኪው ብዙም አይከፍትልንም፤ የሳኦል ልጆች ዮናታንና ሜልኮል፣ ሕዝቡም እንደ ወደዱት ይነግረናል እንጂ እርሱ እነማንን እንደ ወደደ በዚህ ምዕራፍ አንሰማም።

የሳኦልን ታላቅ ሴት ልጅ ሜሮብን በተመለከተ ከመቀጠልዎ በፊት ወደ 17፥25 ይመለሱ። ጎልያድን ለሚገድል ሰው ንጉሡ ልጁን እንደሚድርለት በሰፈሩ ሁሉ ይወራ ነበር። እንግዲህ ሳኦል በ18፥17 ላይ ልጄን እሰጥሃለሁ ሲል ቀድሞ በወጣ ቃል ላይ አዲስ ግዴታ መጨመሩ ነው፤ ዳዊት ጀግና ሆኖ የእግዚአብሔርን ጦርነት ይዋጋ ዘንድ ያዘዋል። በግራው ዓምድ የሚጻፈው ግን የእኔ እጅ አትሁንበት፣ የፍልስጥኤማውያን እጅ ትሁንበት የሚለው ነው። ቀኑ ሲደርስ ሜሮብ ለሌላ ሰው ተዳረች።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ከቁጥር 20 እስከ 25 ያለው ክፍል ነው። ሜልኮል ዳዊትን ወደደችው፤ አባቷም ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ወጥመድ በማግኘቱ ነበር። ቀጥሎ ባለሟሎቹን ዳዊትን በስውር እንዲያነጋግሩት ላካቸው፤ ንጉሡ እንደ ወደደው፣ ባለሟሎቹም ሁሉ እንደሚወዱት አድርገው እንዲነግሩት አዘዛቸው። ዳዊት ድሃና የተናቀ ሰው ሆኖ ሳለ ለንጉሥ አማች መሆን ቀላል ነገር ይመስላችኋልን ብሎ መለሰላቸው። እዚህ ላይ ንባቡን ያቁሙ። ይህ ቃል ወደ ንጉሡ ጆሮ በደረሰ ጊዜ ሳኦል መግቢያ በሩን አገኘ፤ ማጫ ለሌለው ድሃ፣ ማጫ አልሻም የሚል ንጉሥ እጅግ ቸር ሆኖ ይታያልና። የሚጠየቀው የመቶ ፍልስጥኤማውያን ሸለፈት ብቻ ነው። አዋቂዎችን ሲያስተምሩ ቃሉን አይሸፍኑት፤ ፍልስጥኤማውያን የማይገረዙ ሕዝብ ስለ ነበሩ ይህ የሟቾቹን ማንነት የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነበር፤ በሕይወት ያለ ሰው ፈቅዶ የሚሰጠውም አይደለም። ሕፃናት ካሉ መቶ ጠላቶችን ስለ መግደሉ ማስረጃ ማለት ይበቃል። ዳዊት ሁለት መቶ ይዞ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ቀን በ19፥11-17 ይጨርሱ። ወጥመድ ትሁነው የተባለችው ሜልኮል ባሏን በመስኮት አውርዳ ታስመልጠዋለች፤ ተራፊሙን፣ ማለት የቤቱን ጣዖት፣ በአልጋው ላይ አጋድማ፣ በራስጌው የፍየል ጠጕር አኑራ፣ በልብስ ትሸፍነዋለች፤ መልእክተኞቹንም ታሟል ትላቸዋለች። አባቷ ከነአልጋው አምጡልኝ ይላል። የመዝሙር 59፣ የግእዙ 58ኛ፣ አርእስት ይህችኑ የተከበበች ቤት ያነሣልና መዝሙሩን በዚያው ያንብቡት።

በሁለተኛው ቀን ጦሩን ይከተሉ። በ18፥10 ላይ ዳዊት በእጁ በገና፣ ሳኦል በእጁ ጦር ይዘዋል። በ19፥10 ጦሩ ግድግዳው ላይ ይተከላል፤ በ20፥33 በዮናታን ላይ፣ በገዛ ልጁ ላይ፣ ይነሣል። በ22፥6 ንጉሡ በጊብዓ ከዛፍ በታች ጦሩን ይዞ ተቀምጦ፣ ሁላችሁ ተማማላችሁብኝ እያለ ባለሟሎቹን ይወቅሳል። ዳዊትን ረድተዋል ያላቸውን ካህናት እንዲገድሉ ሲያዝዛቸው እንቢ ይላሉ፤ ኤዶማዊው ዶይቅ ግን የበፍታ ኤፉድ፣ ማለት የካህናት ልብስ፣ የለበሱ 85 ሰዎችን ይገድላል። በሌላ እጅ መግደል በመጨረሻ የደረሰበት ቦታ ይህ ነውና በጥድፊያ አይለፉት። በምዕራፍ 26 ሳኦል በሌሊት ተኝቶ ጦሩ በራስጌው ተተክሏል፤ የዳዊት ባልንጀራ አቢሳ በአንድ ምት ልውጋው ይላል፤ ዳዊት ይከለክለውና ጦሩንና የውኃውን ማሰሮ ብቻ ይወስዳል፤ ኋላም ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ጦሩን እንዲወስድ ይጣራል።

ጊዜ ሳያልቅብዎት 2ኛ ሳሙኤል 11፥14-15ን ያስወጡ። ዳዊት አሁን ንጉሥ ነው፤ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሚስቱን ቤርሳቤህን በወሰደበት በኦርዮ እጅ ይልካል፤ ደብዳቤውም ኦርዮ ውጊያው በበረታበት ስፍራ እንዲቆምና ከኋላው እንዲሸሹበት ያዝዛል። የሚገድለው የአሞናውያን ሰይፍ ነው። ምንም ማብራሪያ ሳይሰጡ፣ ተሳታፊዎቹ አዲስ ገጽ ከፍተው መካከሉን እንዲያሰምሩ፣ በሁለቱ ዓምዶች ራስጌም በሳኦል ፈንታ የዳዊትን ስም እንዲጽፉ ይንገሯቸው።