ተከራይ ኪራይ ሲያቆም አከራይ በሕግ ምን ማድረግ ይችላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ጡረታቸውን በአንድ ሰርቪስ ቤት ኪራይ የሚደጉሙ ብዙ እናትና አባቶች አሉ። ለእነሱ የአንድ ወር ኪራይ ቀረ ማለት የመድኃኒት ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን በንዴት የተቀየረ አንድ ቁልፍ ባለመብቱን ሰው ተከሳሽ ያደርገዋል። ከዚህ በታች ያለው የመኖሪያ ቤት ያከራዩትን ይመለከታል። ለሱቅና ለቢሮ ኪራይ የሚሠራው ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ችግር፦ ቀኑ አለፈ፣ ገንዘቡ አልገባም

መጀመሪያ ምክንያቱን እወቁ። ሰውየው ደመወዝ ዘግይቶበት ከሆነ መቼ እንደሚከፍል ቀን ቆርጦ በጽሑፍ ይስጣችሁ። አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ የገባው ግን ለደላላው ወይም ለዘመድ ነው። ደረሰኙን ይዞ ይምጣ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በእጅ የሚሰጥ ብር ለሁለታችሁም ጣጣ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ። አዋጁ በሥራ ላይ ባለበት ከተማ የኪራይ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። በራሳችሁ ሁለት ሺህ ብር ጨምራችሁ ተከራዩ የድሮውን ሒሳብ እየከፈለ ከሆነ፣ ያ ሰው «አልከፈለም» አይባልም። ክስ ብትመሠርቱ የምታፍሩት እናንተ ናችሁ። ጭማሪውን አንሱና ጉዳዩን ዝጉት።

ችግር፦ «ነገ፣ ነገ» እያለ ሳምንታት አለፉ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አከራዩ ቀን አለመቁጠሩ ነው። ሕጉ ግን ይቆጥራል። በአዋጁ መሠረት ተከራይ መክፈል ካለበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን በላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከ7 ቀን በላይ ካሳለፈ አከራዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበል ስለማይቻል፣ «መያዣ አለኝ» ብሎ አራት ወር መታገሥ አያዋጣም።

ሕጉ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ቢልም እኔ ጻፉ ነው የምለው። ዳኛ ፊት ስትቀርቡ ያ ወረቀት ብዙ ክርክር ይቆርጣል። ረጅም መሆን የለበትም፦

«በመጋቢት 1 ቀን መከፈል የነበረበት የወሩ ኪራይ 12,000 ብር እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በሰባት ቀን ውስጥ በውላችን ላይ በተጠቀሰው የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡ እየጠየቅሁ፣ ይህ ካልሆነ ውሉን አቋርጬ በሕግ የምጠይቅ መሆኑን አሳውቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱ ላይ ተከራዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ስጡት፣ ወይም በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩት። ስድብና ዛቻ አትጨምሩበት፤ ነገ ደብዳቤውን ዳኛ ያነበዋል።

ችግር፦ ውሉ ተቋርጧል፣ ሰውየው ግን አይወጣም

ብዙ አከራይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውል ማቋረጥ አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ከቤት ማስወጣት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ማድረግ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ቁልፍ መቀየር፣ በር መንቀል፣ ዕቃ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ቆጣሪው ግቢያችሁ ውስጥ ስላለ ብቻ ውሃና መብራት መቁረጥ፣ ቴሌቪዥኑን «በዕዳዬ ይዤዋለሁ» ማለት፣ ሁሉም አይቻልም። ተከራዩ «ሁከት ይወገድልኝ»፣ ማለትም በያዝኩት ቤት ላይ የሚደረገው ጣልቃ ገብነት ይቁምልኝ፣ ብሎ ይከሳል፣ ጉዳዩ ወደ ወንጀልም ሊሄድ ይችላል። ያልከፈለው ሰው ካሳ ጠያቂ ይሆናል።

መፍትሄው ክስ ነው። ክሱ ላይ ሦስት ነገር አብራችሁ ጠይቁ፦ ውዝፉን ኪራይ፣ ቤቱን ለቅቆ እንዲያስረክብ፣ እና እስከሚያስረክብበት ቀን ድረስ የሚታሰበውን ኪራይ። ሦስተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ክርክሩ ወራት ሲፈጅ ዋናው ገንዘብ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ወጪና ኪሳራችሁንም ጨምሩ። ውሉን፣ የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ሒሳብ ዝርዝሩን፣ ማስጠንቀቂያውን አያይዙ። ተከራዩ ዕቃውን ሊያሸሽ ነው የሚል በቂ ምክንያት ካላችሁ፣ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ንብረቱ ተከብሮ፣ ማለትም እንዳይሸጥና እንዳይሸሽ ታግዶ፣ እንዲቆይ ማመልከት ይቻላል። የምትፈልጉት የገንዘቡን ዕዳ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰውየው ቤቱን ለቅቆ ውዝፉ ብቻ ከቀረ፣ መጠኑ የታወቀ የውል ዕዳ ስለሆነ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ጠይቁ። ያኛው መንገድ ፈጣን ነው።

ተፈርዶላችሁም ካልወጣ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታላችሁ። ያኔ የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የሚመጣው አስፈጻሚ ነው።

ችግር፦ የጽሑፍ ውል የለንም

አዋጁ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ዝቅተኛው የውል ዘመንም ሁለት ዓመት ነው። የኪራይ ገቢ ግብር ፈርተው ያላስመዘገቡ ሰዎች ችግር ሲመጣ ፍርድ ቤት ለመሄድም ይፈራሉ፤ ይህን የሚያውቅ ተከራይ ደግሞ ይጠቀምበታል። ወረዳችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ ቅጣት ካለም ክፈሉ። ከወራት ውዝፍ ይሻላል። እስከዚያው ካርታችሁና በባንክ የገባው የኪራይ ታሪክ ማስረጃ ናቸው።

ችግር፦ ትንሽ ትንሽ እየከፈለ ውዝፉን አስረሳ

የኅዳርንና የታኅሣሥን ሳይከፍል የጥርን ብቻ ያመጣል። ተቀብላችሁ ደረሰኝ ከሰጣችሁ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የኋላው ሲከፈል የፊቱም እንደተከፈለ ይገምታል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይ አልተከፈለም» ብላችሁ ጻፉ። በቴሌብር ከላከ በዚያው ቀን ይህንኑ በአጭር መልእክት ላኩለት። አንድ መስመር ነው፤ የሁለት ወር ኪራይ ታድናለች።

ችግር፦ ቆልፎ ጠፋ

በሩን አትስበሩ። ዕቃው ውስጥ ካለ ነገ «ወርቄ ጠፋ» ሊባል ይችላል። ክስ መሥርቱ። አድራሻው ካልታወቀ መጥሪያው በጋዜጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ዘመን፣ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ቤቱ በትእዛዝ ሲከፈት ዕቃው በምስክር ፊት ይቆጠራል፣ ይመዘገባል።

ችግር፦ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው

ኮንዶሚኒየማቸውን አከራይተው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያሉ ሰዎች ጓደኛቸውን ወኪል ያደርጋሉ። ጓደኛ ኪራይ መሰብሰብ ይችላል። ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ግን በውክልና የሚፈቀደው ለጠበቃና ሕጉ ለዘረዘራቸው እንደ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ላሉ የቅርብ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ውክልናውን ስትሰጡ ለወንድም ወይም ለእህት ስጡ፣ ጠበቃ የመወከል ሥልጣንም ጨምሩበት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠው ውክልና እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ይህን ችግሩ ሳይመጣ ጨርሱት፤ ወረቀቱ እስኪደርስ ኪራዩ መቆጠሩን አያቆምም።