ኮምፖስት በባልዲ መጀመር ለምትፈልጉ

ፒያሳም ሁኑ አራት ኪሎ፣ ትንሽ ጊቢ ወይ በረንዳ ካላችሁ ኮምፖስት (ከልጣጭና ከቅጠል ብስባሽ የሚሰራ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) መስራት ትችላላችሁ፣ ብዙ የሚገዛ ነገርም የለውም። 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በደንብ አጥባችሁ ታቹንና ጎኑን በጋለ ምስማር ብሱት፣ አየር ካልገባው ይሸታል። ከስር ደረቅ ቅጠል ወይ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ከዛ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ (እሱ መቼም በየቤቱ አለ፣ ደግሞ ምርጥ ነው)።

ዋናው ነገር ሚዛኑ ነው። አንድ እጅ እርጥብ ካስገባችሁ ከላዩ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ አልብሱት፣ ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል ማለት ነው ካርቶን ጨምራችሁ አገላብጡት፣ ከደረቀ ደግሞ ውሃ እርጩበት፣ ስትጨብጡት እርጥበቱ እየተሰማችሁ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ስጋ፣ አጥንት፣ ወጥ፣ ዘይት በፍጹም! አይጥ ይጠራል። የባህር ዛፍ ቅጠልም ባታስገቡ እመርጣለሁ፣ ቶሎ አይፈርስም።

በሳምንት አንዴ አገላብጡት፣ ክረምት ላይ ዝናብ እንዳይሞላው ክዳኑን ግጠሙለት። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲያመጣ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ለጎመኑም ለጤና አዳሙም ስጡት።