ፎርሙ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሙሉ፤ ከዚያ ስለ ጤናችሁ እንነጋገር

እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልልኝ በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛዬ ነው። አሜሪካ ከገባች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ከክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ዘር የሚል ቦታ አለ። እኛ የቱ ላይ ነን?» አለችኝ። ጥቁር የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እኛ እንደ ጥቁር አሜሪካውያኑ ነን እንዴ?» አለች።

አዎ፣ ነን። ሐኪም ቤት በር ከገባችሁ በኋላ በእርግጥ ነን። የፌዴራል መንግሥት በ2024 ያሻሻለው ደንብ «ጥቁር» ከሚለው ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚል ሳጥን እንዲኖር ያደርጋል። ብዙ ክሊኒኮች ግን ገና የድሮውን ፎርም ነው የሚሰጧችሁ። ሳጥኑ ኖረም አልኖረም የምታክማችሁ ሰው መጀመሪያ የምታየው ቆዳችሁን ነው።

ሰው ብቻም አይደለም። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ውሰዱ። በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት መሣሪያው የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። መሣሪያው ጣታችሁ ከአትላንታ ይምጣ ከጎንደር አይለይም። ስለዚህ «ያ የነሱ ችግር ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

የእኔን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚሁ ሜሪላንድ፣ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሆስፒታል ስገባ አስተርጓሚ ትፈልጊ እንደሆነ ተጠየቅሁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ እምቢ አልኩ። ገበያ የሚያስወጣ እንግሊዝኛ ነበረኝ፤ ሕመም የሚያስረዳ ግን አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት ነርሷ እንዴት ነሽ ስትለኝ «ፋይን፣ ታንክ ጋድ» እላለሁ። እኛ ዘንድ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሰላምታ ነው። ቀብር ላይም እንላለን። እነሱ ግን መልስ ነው ብለው ፋይል ላይ ያሰፍሩታል፤ ምንም ሕመም የላትም ተብሎ።

በወለድኩ በስድስተኛው ቀን፣ ቤት ከገባሁ በኋላ፣ ራሴን የሚፈልጥ ሕመም ያዘኝ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አየሁ። ፊቴ አብጧል። አክስቴ «ብርድ መቶሽ ነው» ብላ ራሴን በነጠላ ጠፍራ አጥሚት አጠጣችኝ። ሐኪሜ ጋ ደውዬ ራሴን አሞኛል አልኩ። ታይሌኖል ወስደሽ ተኚ አሉኝ። መውለዴን አልነገርኳቸውም፤ ያውቃሉ ብዬ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው ግን አያውቅም፣ አልጠየቀምም። የዓይኔንም ነገር አልነገርኩም።

በማግስቱ ማታ ኢመርጀንሲ ሄድን። መስኮቱ ጋ አሁንም «ራስ ምታት» አልኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በመጨረሻ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ስታልፍ እህቴ የታቀፈችውን ሕፃን አየችና የማን ነው፣ ስንት ቀኑ ነው ብላ ጠየቀች። ሰባት ስንላት ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። የደም ግፊቴ 178 በ112 ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት አደገኛ የደም ግፊት ሕመም ነው። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊከሰት ይችላል፤ ካልታከመ ያንዘፈዝፋል፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ያፈሳል። አራት ቀን ተኛሁ፤ ማግኒዚየም በደም ሥሬ ሰጡኝ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። መጠየቅ የነበረባቸው እነሱ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በ2023 በአሜሪካ ከ100,000 የጥቁር እናቶች ወሊዶች 50.3 እናቶች ሞተዋል። የነጮቹ 14.5 ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) መረጃ ከእርግዝና ጋር ከተያያዙት ሞቶች ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት ሊቀሩ ይችሉ እንደነበር ይናገራል። ገንዘብም ትምህርትም ብቻውን አያድንም። የቴኒስ ኮከቧ ሴሪና ዊልያምስ በ2017 ከወለደች በኋላ ሳንባዋ ውስጥ ደም እንደረጋ ጠርጥራ ምርመራ ስትጠይቅ ነርሷ መጀመሪያ መድኃኒቱ አደናግሯታል ብላ አስባ ነበር። ሴሪናን ያልሰሙ እናንተን ያለ ጉትጎታ ይሰማሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ስለዚህ የምትናገሩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መውለዳችሁ ይሁን። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ባለፈው አንድ ዓመት ከወለዳችሁ፣ ለስልኩም፣ ለመስኮቱም፣ ለነርሷም፣ ለሐኪሙም በየተራ ንገሩ። «አይ ሃድ ኤ ቤቢ ሲክስ ዴይስ አጎ» (ከስድስት ቀን በፊት ወልጃለሁ) በሉ። ከዚያ ነው ራሴን፣ ዓይኔን፣ ደረቴን የሚባለው።

አስተርጓሚ ነፃ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ነው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ ጠብቁ። በስልክ ወይም በስክሪን ያመጣሉ። ትግርኛና ኦሮምኛም ይጠየቃል። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ልጅ የእናቱን ደም መፍሰስ ለሐኪም ሊያስረዳ አይገባም። ይህን ነገር በየሳምንቱ አያለሁ፤ በጣም ይከፋኛል።

ደም ብዛትም የነሱ ብቻ አይደለም። ምንም አያሳምምም፤ ለዚህም ነው «እኔ ጤነኛ ነኝ» የምንለው። ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ቀድሞ ይጀምራል፣ ኩላሊትና ልብ ቀድሞ ይጎዳል። ጨው፣ ሁለት ሥራ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ የሰው ንቀት፤ ይህ ሁሉ እኛንም ያገኘናል። በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤል ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ግን በብዙዎቹ ላይ መጣ። ደማቸው አልተለወጠም፤ ኑሯቸው ነው የተለወጠው።

የክንድ መለኪያ ግዙ። የእጅ አንጓው ያሳስታል። ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ አምስት ደቂቃ እግራችሁን ሳታነባብሩ ተቀመጡ፣ ከዚያ ለኩ። እዚህ አገር ከ130 በ80 ጀምሮ ከፍ ያለ ይባላል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጾማችሁን ለሐኪሙ ንገሩትና ሰዓቱን ያስተካክልላችሁ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሆነውን ብታዩ ደስ ይላችኋል። ተመራማሪዎች በ52 ፀጉር ቤቶች ደም ብዛት ያለባቸው ጥቁር ወንዶችን ለጥናት መዘገቡ። ፋርማሲስት ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ መድኃኒት አዘዘላቸው። ጥናቱ በ2018 ሲወጣ በስድስት ወር ውስጥ የደም ግፊታቸው የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ27 ወርዶ ነበር። ምክር ብቻ የተሰጣቸው የወረዱት በ9 ገደማ ነው። ሰው ወደሚያምነው ቦታ መድኃኒቱ ሄደ፣ ያ ነው ምስጢሩ። ታዲያ የኛ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ምን ያንሳቸዋል? በየሰንበቱ ስንት ነርስና ፋርማሲስት ነው አብሮን ቆሞ የሚያስቀድሰው! ዕድሮቻችን ለቀብር ገንዘብ ያዋጣሉ፣ መልካም ነው። አንድ ጠረጴዛና ሁለት መለኪያ የሚያስቀምጥ ዕድር ግን እስካሁን አላየሁም።

ገንዘብ የለኝም ብላችሁ እቤት አትቅሩ። ኮሚኒቲ ሄልዝ ሴንተር የሚባሉት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች እንደ ገቢያችሁ ነው የሚያስከፍሉት። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ቢል ከላከ በክሬዲት ካርድ ከመክፈላችሁ በፊት የፋይናንሻል አሲስታንስ (የክፍያ እርዳታ) ፎርም ጠይቁ፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ጊዜ አላችሁ። ካልጠየቃችሁ አስታውሶ የሚሰጣችሁ የለም።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ደግሞ ከገንፎው ጋር መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ከሳማችኋት በኋላ ክንዷን ተቀበሏት። 140 በ90 ከደረሰ ያኔውኑ ሐኪሟ ጋ ደውሉ። 160 በ110 ከሆነ፣ ወይም ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ካለባት፣ ቁርሱ ይቆይ፤ መኪናውን አስነሱ።